ዳታ ማብራትና ማጥፋት፦ ወጣቱ፣ ስልኩና ሥራው

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከተዛወረ በኋላ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ገና ሲሰማ ጣት የሚቀሰረው ስልክ ላይ ነው። «ልጆቹን ቲክቶክ ጨረሳቸው» የሚለው ቃል ከሳሎን እስከ ሬዲዮ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲ የገቡትና ሥራ የያዙትም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ የታየ ወጣት ሁሉ ሥራ ፈት ተደርጎ ይቆጠራል።

ወቀሳው ባዶ አይደለም። ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። የፈተና ውጤት የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የጦርነትና የኮቪድ ዓመታት ድምር ነው። በዚያው በ2014ቱ ዙር ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ያህል ውድቀት በአንድ መተግበሪያ ማስረዳት አይቻልም። ሁለተኛው የትኩረት ጉዳይ ነው። እሱ እውነተኛ ችግር ነው። ራሱን ችሎ ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም መፍትሔው ስልክ ከመቀማት የተለየ ነው።

ሥራውም ጨዋታውም በአንድ በር

ከውጭ የሚመጡ ምክሮች አብዛኞቹ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፦ ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ስልክ ደግሞ መዝናኛ ነው። ስለዚህ «ስልክህን ሌላ ክፍል ትተህ ሥራህን ሥራ» ይላሉ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላለ ብዙ ወጣት ግን ኮምፒውተሩም ስልኩ ነው።

የክፍል ተወካይ ሃንድአውት የሚልከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሥራ ማስታወቂያ የሚለቀቀው በቴሌግራም ቻናል ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ራሱ በቴሌግራም ቦት ይታያል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የመጻሕፍት ሕትመት ስለዘገየ ብዙ ተማሪ ያጠናው በፒዲኤፍ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፤ ላፕቶፕ የሌለው ሰው ያለው አማራጭ ስልኩ ነው። የራይድና የፈረስ ሹፌርም ተሳፋሪ የሚያገኘው በስልኩ ነው።

አንድ ተማሪ ሃንድአውት ለማውረድ ቴሌግራም ከፈተ እንበል። ከክፍሉ ግሩፕ በላይ የእግር ኳስ ቻናል ያልተነበቡ መልእክቶች ቁጥር ይዞ ተቀምጧል። ከሱ በላይ ጓደኛው የላከው የቲክቶክ ሊንክ አለ። ሊንኩን ነካው። ቪዲዮው አለቀ፣ ቀጣዩ ራሱ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሃንድአውቱ ገና አልተከፈተም። ይህ ተማሪ ወደ ጨዋታ አልሄደም። የሄደው ወደ ትምህርቱ ነበር። ጨዋታው ያገኘው እዚያው በር ላይ ነው።

የእኛ አገር ጉዳይ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዚህ ሁኔታ ላለ ሰው «ስልክ ተው» ማለት «ትምህርትም ተው» ማለት ይሆንበታል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለአምስት ወር ገደማ ሲገደቡም ይኸው ታይቷል። መዝናኛው ብቻ ሳይሆን የክፍል ግሩፑም፣ የሥራ ማስታወቂያውም፣ ዕቃ መሸጫውም አብሮ ተዘጋ። ብዙ ሰው በቪፒኤን ተመልሶ ገባ።

ትኩረት እንዴት ይወሰዳል?

ኸርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.አ.አ. በ1971 የመረጃ ብዛት የትኩረት ድህነት እንደሚያመጣ ጽፎ ነበር። ስማርትፎን ያኔ አልነበረም። ሐሳቡ ግን ቀላልና እስከዛሬ የሚሠራ ነው። መረጃ የሰውን ትኩረት ይበላል። መረጃ ሲበዛ ትኩረት ያጥራል፤ ያጠረ ነገር ደግሞ ይሸጣል። ማኅበራዊ ሚዲያዎች አገልግሎታቸውን በነጻ የሚሰጡን ገቢያቸው ከማስታወቂያ ስለሆነ ነው። ለማስታወቂያ አስነጋሪው የሚሸጡለት ዓይናችን ስክሪን ላይ የቆየበትን ደቂቃ ነው።

ደቂቃውን የሚያስረዝሙ መሣሪያዎች አሏቸው። አንዱ ማለቂያ የሌለው ስክሮል ነው፤ ገጹን ወደ ላይ በገፋነው ቁጥር አዲስ ነገር የሚጨምር አሠራር ማለት ነው። አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር እ.አ.አ. በ2006 የፈጠረው ነው። ከዚያ በፊት ገጽ መጨረሻ ነበረው። ወደ ቀጣዩ ለመሄድ መጫን ያስፈልግ ነበር። ያቺ ትንሽ ፋታ «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» ብሎ ራስን መጠየቂያ ነበረች። ስክሮሉ ፋታዋን አጠፋት። ሰውየው ራሱ በኋላ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ሌላው አልጎሪዝም፣ በአማርኛ ስልተ ቀመር የሚባለው ነው። የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየን፣ የትኛውን ደግመን እንዳየን፣ የትኛውን በሰከንድ እንዳለፍን እየመዘገበ ቀጣዩን የሚመርጥ የስሌት ሥርዓት ነው። ምርጫው ሁልጊዜ አይሳካም። አንዱ ቪዲዮ አሰልቺ ነው፣ ቀጣዩ ደህና ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ያስቃል። ሲታይ ድክመት ይመስላል። ነገር ግን የሚይዘን አለመታወቁ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦች ባደረጋቸው ሙከራዎች ይህን አሳይቷል። ምግቡ መቼ እንደሚመጣ የማታውቅ እርግብ፣ በታወቀ ልክ ከሚሰጣት ይልቅ ቁልፉን ሳትታክት በመንቆሯ ትነካካለች። የሎተሪና የቁማር ማሽን ጉልበትም ከዚህ ይመነጫል።

ሦስተኛው ኖቲፊኬሽን ነው፤ አዲስ ነገር መኖሩን በድምፅ፣ በንዝረት ወይም በቀይ ቁጥር የሚነግረን። እ.አ.አ. በ2015 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አስገራሚ ነገር አግኝቷል። ስልኩን ያላነሱ፣ ኖቲፊኬሽኑን ብቻ የሰሙ ሰዎችም በያዙት ሥራ ላይ ስሕተታቸው ጨመረ። «አላየሁትም እኮ» ማለት አያድንም። ማን ይሆን የሚለው ሐሳብ ብቻውን በቂ ነው።

ኪሳራው ስልኩ ላይ ካለቀው ደቂቃም ይበልጣል። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.አ.አ. በ2009 «የትኩረት ትራፊ» ልንለው የምንችል ነገር ገልጻለች። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንዘል ከሐሳባችን ከፊሉ ወደኋላ ይቀራል። የሒሳብ ጥያቄ እየሠራ መልእክት አንብቦ የተመለሰ ተማሪ፣ ዓይኑ ደብተሩ ላይ ቢሆንም ከፊሉ ገና መልእክቱ ላይ ነው። ግሎሪያ ማርክ በካሊፎርኒያ ያካሄደችው ረጅም ጥናት ደግሞ ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ የሚቆዩበት አማካይ ጊዜ እ.አ.አ. በ2004 ገደማ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንደነበር፣ በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ እንደወረደ አሳይቷል።

ይህ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ተጣሞ ይነገራል። የሚለካው ሰው ስክሪን የሚቀይርበትን ፍጥነት ነው። አእምሮ ከ47 ሰከንድ በላይ ማተኮር አይችልም ማለት አይደለም። «የሰው ትኩረት ከወርቃማ ዓሣ አነሰ» የሚለው በየቻናሉ የሚዞር ወሬ ደግሞ መሠረት ያለው ጥናት የለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ የሚያይ ወጣት ማተኮር ይችላል።

«ሱስ» ነው?

ቃሉ በየቤቱ ይነገራል። በሙያው ግን ስምምነት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር የቪዲዮ ጨዋታ መታወክን አካትቷል። የስልክ ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ የሚል ግን የለበትም። አንዱ ወገን ምልክቱ ከሱስ ጋር ይመሳሰላል ይላል፦ ለማቆም ሞክሮ መመለስ፣ ሲለዩት መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ መቀነስ። ሌላው ወገን ተራ ልማድን በሽታ ብሎ መጥራት በእውነት የታመሙትን ይሸፍናል ይላል።

በመሃል ላይ የሚቆም አንድ ጠቃሚ ጥናት አለ። አልኮት፣ ጄንትዝኮውና ሶንግ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካ ሁለት ሺህ ገደማ የአንድሮይድ ተጠቃሚዎችን ተከታትለዋል። ከማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም 31 በመቶ ያህሉ ሰዎቹ ራሳቸው ከሚፈልጉት በላይ የሆነ፣ ራስን ከመግዛት ችግር የመጣ ነው ብለው ገመቱ። ገልብጠን ስናነበው፣ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሰው ፈልጎት የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ወጣቱ ስልኩ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ሁሉ የባከነ አይደለም፤ ሁሉም ምርጫው ነው ማለትም አይቻልም። እኔ «ሱስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ብንይዘው እመርጣለሁ። ራሱን ሱሰኛ ብሎ የደመደመ ሰው ትንንሽ መፍትሔዎችን ለመሞከር እንኳ አቅም ያጣል። የሚሠሩት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው።

የረሳነው ልማድ

እዚህ አገር አንድ ነገር ነበረን። ብዙ ሰው ዳታ አብርቶ አይውልም ነበር። ካርድ ይሞላል፣ ዳታውን ያበራል፣ የመጣለትን መልእክት ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ያጠፋል። ማታ ደግሞ ይደግማል። የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ዳታ በርቶ ከተረሳ ሒሳቡን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል።

ከዚያ ነገሩ ተቀየረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረና ፉክክር መጣ። የቀን፣ የሳምንት፣ የሌሊት፣ ያልተገደበ እየተባለ የጥቅሉ ዓይነት በዛ። በኋላ ዋጋ ቢጨምርም ልማዱ አልተመለሰም። አሁን የብዙ ወጣት ዳታ ከጠዋት እስከ ማታ በርቶ ይውላል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ትምህርትና ሥራ ቀርቧል። ነገር ግን ከቁጠባው ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ ሄደ።

ምን እንደሆነ የሚያሳይ ሙከራ አለ። እ.አ.አ. በ2019 ፊትዝ፣ ኩሽሌቭና ባልደረቦቻቸው በሕንድ ያሉ የስልክ ተጠቃሚዎችን ለሁለት ሳምንት በቡድን በቡድን ከፋፈሉ። ለአንዳንዶቹ ኖቲፊኬሽን እንደ ወትሮው ደረሳቸው። ለአንዳንዶቹ ጨርሶ ተዘጋ። ሌሎቹ ተጠራቅሞ በቀን ሦስት ጊዜ ደረሳቸው። ትኩረታቸው የተሻለ፣ ሥራቸው የተሳካ፣ ስሜታቸውም የቀለለ ሆኖ የተገኘው ሦስት ጊዜ የደረሳቸው ናቸው። ጨርሶ የተዘጋባቸው ግን «ምን አመለጠኝ» በሚል ጭንቀት ተይዘው ነበር።

ዳታውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያበራ የነበረ የአዲስ አበባ ተማሪ ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ሳያውቀው። ያስገደደው ኪሱ ነው። ኪሱ ሲላላ ልማዱም ተፈታ።

የጥቅሎቹ አሠራር ራሱም ጠባያችንን ይቀርጻል። የቀን ጥቅል ጊዜው ካለፈ ይጠፋል። የገዛው ሰው «ሳያልቅብኝ ልጠቀምበት» ብሎ ያልፈለገውን ቪዲዮ ያያል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ እንቅልፍ ይሻማል። የካምፓስ ዋይፋይም ቀን ይጨናነቅና ሌሊት ሲፈጥን፣ ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያመሻል። ያልተገደበው ጥቅል ደግሞ በተቃራኒው ማቆሚያ የለውም። ስለ ስልክና ወጣት ሲወራ ይህ የዋጋ ጉዳይ ብዙም አይነሳም። ለእኔ ግን ከወጣቱ ጠባይ ያላነሰ ድርሻ አለው።

ምን ይሠራል?

መቅጣትና ማገድ በውጭም እየተሞከረ ነው። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት የሚከለክለውን ሕግ በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ አውላለች። ያ ለልጆች ነው። የ20 እና የ25 ዓመት ሰው ራሱ መወሰን አለበት።

እ.አ.አ. በ2025 የወጣ አንድ ሙከራ ለእኛ ቅርብ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ 467 ሰዎች ስልካቸው ላይ ኢንተርኔት ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ ተጠየቁ። ጥሪና ጽሑፍ መልእክት ይሠራል። በኮምፒውተር ኢንተርኔት መጠቀምም ይቻላል። የማተኮር ችሎታቸው፣ የአእምሮ ጤናቸውና የሕይወት ስሜታቸው ተሻሻለ። ነገር ግን እንደታሰበው ዘግተው የቆዩት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተር ላላቸው እንኳ ከባድ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝጋት ለእኛ ተማሪ ምክር ሊሆን አይችልም። ሁለት ሰዓት መዝጋት ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ አገራችን ውስጥ አንድ ምቹ ነገር አለ። ዳታ ሲጠፋ ስልኩ አይሞትም። እናት መደወል ትችላለች። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ሚስኮል ያደርጋል። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሒሳብ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስለዚህ ዳታ ማጥፋት ከሰው መቆራረጥ አይደለም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሃንድአውቱን፣ የትምህርት ቪዲዮውን፣ ፒዲኤፉን አስቀድሞ ማውረድ፤ ከዚያ ዳታ አጥፍቶ ማጥናት። አንድ በር የነበረው በሰዓት ሁለት በር ይሆናል።

ዳታ ማጥፋት ለማይመቸው ሰው ቴሌግራም ራሱ መንገድ አለው። የክፍልና የሥራ ግሩፖችን በአንድ ፎልደር መለየት ይቻላል። የቀረውን ሚዩት ማድረግ፣ ወደ አርካይቭ መክተትም ይቻላል። ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ከሴቲንግ ማጥፋት ትኩረትንም ዳታንም ያድናል። አንድሮይድና አይፎን ሁለቱም እ.አ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለየመተግበሪያው የቀን ገደብ ማስቀመጫ አላቸው። «ገደቡን ራሴ አንስቼ እቀጥላለሁ፤ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። ከላይ በጠቀስኩት የአልኮት ጥናት ሰዎች ራሳቸው ያስቀመጡት፣ ሲፈልጉም የሚያልፉት ገደብ አጠቃቀማቸውን በ16 በመቶ ቀንሷል። ገደቡ ማንንም አያስርም። ስክሮሉ የወሰዳትን ፋታ ግን ይመልሳል።

ስልክን ከዓይን ማራቅስ? እ.አ.አ. በ2017 በቴክሳስ የተሠራ የታወቀ ሙከራ ስልካቸው ሌላ ክፍል የነበረ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ እንዳሰቡ ገልጿል። በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ግን ውጤታቸው አንድ ዓይነት አልሆነም። ከደብተር ለሚያጠና ሰው መሞከሩ አይጎዳም። ብዙ ተስፋ ባይጣልበት ግን ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ከስልክ የተረፈ ሰዓት በራሱ ሥራ አይሆንም። እ.አ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፌስቡክን ለአራት ሳምንት የዘጉ ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ተርፏቸዋል። ብዙው የሄደው ቴሌቪዥን ለማየትና ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ለማሳለፍ ነው። ሁለተኛው መልካም ነው። ምርታማነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዳታውን ያጠፋ ተማሪ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያነብ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ዓይኑ ቶሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ማጥፋት የማይችሉት

ለሁሉም አይሠራም። ቴሌግራም ላይ ልብስና ጫማ የምትሸጥ ወጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልመለሰች ደንበኛዋ ወደ ሌላ ቻናል ይሄዳል። የራይድ ሹፌር ዳታ ካጠፋ ሥራ የለውም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ያለችው ወጣት ስልኳን የምታገኘው እኩለ ሌሊት ላይ እንደሆነ ያውቃል። በኢሞ ስትደውል ዳታው ጠፍቶ እንዲጠብቃት አይፈልግም። ለእነዚህ ሰዎች የሚቀረው ኖቲፊኬሽንን መምረጥ ነው። የደንበኛው ይጩህ፣ የእህት ጥሪ ይጩህ፣ የቀረው ዝም ይበል።

ከግለሰቡ እጅ የሚወጣ ክፍልም አለ። ብዙ ወጣት ዳታውን የማያጠፋው አለቃው ወይም መምህሩ በፈለገው ሰዓት ግሩፕ ላይ ስለሚጽፍ ነው። የምድብ ሥራው ማስረከቢያ ቀን ማታ አራት ሰዓት ላይ ይቀየራል። ያላየ ቀረ። «ኦንላይን ነበርክ፣ ለምን አልመለስክም?» የሚል ጥያቄም ይከተላል። እንዲህ ባለ ግሩፕ ውስጥ ያለን ሰው ስልኩን ደጋግሞ አየ ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ይህ በጣም በቀላሉ የሚስተካከል ነው። የክፍል ተወካዩ ማስታወቂያዎችን አጠራቅሞ በታወቀ ሰዓት፣ ለምሳሌ ቀን ስድስት ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ሊለጥፍ ይችላል። ቴሌግራም መልእክትን በሰዓት ቀጥሮ መላክም ያስችላል። አለቃውም መምህሩም ማታ የጻፉትን ለጠዋት ሊቀጥሩት ይችላሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ስምምነት ይበቃል፦ አስቸኳይ የሆነ ነገር በግሩፕ አይጻፍም፣ ይደወላል።